ሦስተኛው ነጥብ የጠፋበት ወረቀት

ሠርኬና ማዕረግ የተዋወቁት ሊጣሉ ምንም ሳይቀራቸው ነው።

ጊዜው 1965 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ሠርኬ በአባቷ በጋሽ ካሳ የቅመም ሱቅ፣ መርካቶ ከሶማሌ ተራ ዝቅ ብሎ ባለው፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ነበር። መጠቅለያ ወረቀት አልቋል። አንድ ረጅም ወጣት ኮረሪማ አስመዝኖ እጁን ዘረጋ።

«በምን ልውሰደው?»

«በኪስህ።»

«ኪሴ ቀዳዳ ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የቀደድኩት?»

ወጣቱ ሳቀ። ሠርኬ ላለመሳቅ ስትል ወደ ሚዛኑ ዞረች፤ ግን ዘግይታ ነበር፣ አይቷታል።

«እኔ ጋ ወረቀት ሞልቷል» አላት። «የተበላሸ ነው፤ ለመጠቅለያ ግን ይሆናል። ላምጣልሽ?»

በሚቀጥለው ሐሙስ በሲባጎ የታሰረ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዞ መጣ። ስሙ ማዕረግ ነው። ጋሽ ካሳ ከጎጃም ሲመጡ ፊደል ሳይቆጥሩ የመጡ ሰው ናቸውና ወረቀቱን ዳበስ አድርገው «ጠንካራ ነው» ብለው ወደ መጋዘናቸው ገቡ። ሠርኬ ግን ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ጥቁር አዝሙድ ልትጠቀልል ስታነሳው አነበበችው።

ስብከት ነበር። ሙሉ ስብከት ሳይሆን የስብከት ንድፍ፤ ከላይ ጥቅሱ፣ ከሥሩ ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት። ነጥብ ሦስት ላይ ሲደርስ ቀለም ተደፍቶበታል። ሌላውን አነሳች፤ እሱም እንደዚያው። እስከ ሐሙስ ድረስ ወረቀቱን ሁሉ ስትገለብጥ ከረመች።

«ሦስተኛው ነጥብ የት ገባ?» አለችው ገና ሲመጣ።

«የትኛው?»

«የጠፋው ልጅ። አንደኛ፣ ልጁ ከቤት ወጣ። ሁለተኛ፣ ልጁ ተራበ። ከዚያስ?»

ማዕረግ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስተኛ፣ አባትየው ሮጠ።»

«ሽማግሌ ሰው ይሮጣል?»

«ለልጁ ከሆነ ይሮጣል።»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ሆነ። እሱ የተበላሸውን ያመጣል፣ እሷ የጎደለውን ትጠይቃለች። ገጠር ያሉት ወንጌላውያን መጽሐፍ እንደሌላቸው፣ እሱና ጓደኞቹ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ እትዬ ሙሉዬ በሚባሉ ሴት ጓሮ በምትገኝ ክፍል ውስጥ ንድፉን በማባዣ እያተሙ በጨው ጆንያ መሐል ወደ ደቡብ እንደሚልኩላቸው ነገራት። ነግሯት ደነገጠ።

«ለማንም አትንገሪ።»

አልነገረችም። የማዕረግ ወገኖች የጴንጤዎቹ ስብሰባ መከልከሉን ሰምታለች፤ ለጸሎት የተሰበሰቡ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው ሲወሰዱ መርካቶ ሁሉ አይቷል። ጋሽ ካሳ ደግሞ ጴንጤ የሚለውን ስም ሲሰሙ የሚያማትቡ ሰው ናቸው። ሠርኬ ሁሉንም ታውቃለች፤ ግን ልብ መቼ ይሰማል። ሐሙስ እስኪደርስ ቀን ትቆጥር ጀመር።

ሰውዬው የመጣው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው።

ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ የያዘ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው። ጥቁር አዝሙድ ጠየቀ። መርካቶ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አሽቶ ያሸታል፤ ሳያሸት የሚገዛ አይታ አታውቅም። ይህ ሰው አላሸተተም። ጥቅሉን ተቀብሎ በጥንቃቄ ፈታው፤ አዝሙዱን በሌላ እጁ ላይ ገለበጠና ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። አዝሙዱን ባንኮኒው ላይ ትቶት ሄደ።

በማግስቱም መጣ። በሳልስቱም። ሠርኬ ፈርታ የቀረውን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችና ጋዜጣ ገዛች። ሰኞ ዕለት ሰውዬው ጋዜጣውን አየና ፈገግ አለ።

«ብልህ ልጅ ነሽ» አላት። «ጴንጤዎቹ ግን ካንቺ ይበልጣሉ። ስብከታቸውን በየሰው ጓዳ የሚያስገባላቸው ሱቅ አገኙ። ወረቀቱን የሚያመጣው ልጅ የሚወድሽ መስሎሽ ነው?»

ሠርኬ ጋዜጣውን ወደ ራሷ ሳበች፤ ሰውዬው ቀጠለ።

«ልጁ እንደገና ሲመጣ ሚዛኑን ከባንኮኒው ላይ አውርጂው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። እኔ ማዶ ሻይ ቤት ነኝ። አይሆንም ካልሽ ግን ወረቀቱ የተገኘው በአባትሽ ሱቅ ነው፤ የማስረው አባትሽን ነው።»

ሦስት ቀን ሚዛኑን ስታይ ዋለች። ፍርሃቱ አንድ ነገር ነው። ከፍርሃቱ የባሰው ያ ጥያቄ ነበር። ወዶኝ ነው ወይስ መላላኪያው አድርጎኝ? እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ልጅ እስር ቤቱን ከምትፈራው በላይ ይህን ፈርታ ነበር።

ሐሙስ ማዕረግ መጣ። እቅፉን ተቀብላ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀበረችውና እጇን ሚዛኑ ላይ አሳረፈች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብትዋሸኝ አውቅብሃለሁ።»

«ጠይቂኝ።»

«መርካቶ ሁሉ እንዲያነበው ነው ስብከትህን በኔ ያስጠቀለልከው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«መልስልኝ።»

«ሠርኬ... ሦስተኛው ነጥብ የሌለውን ስብከት ማን ያድላል? ላድል ብል ደህናውን አድል ነበር። የተበላሸውን እንድናቃጥል ነው የታዘዝነው።»

«ለምን አላቃጠልክም ታዲያ?»

«ወዳንቺ መምጫ ሌላ ሰበብ አጣሁ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ግን የነጋዴ ልጅ ናትና ነገሩ አልዋጥ አላት። «በየሳምንቱ ይህን ያህል ወረቀት ይበላሻል?»

ጆሮው ቀላ። «መጀመሪያ መሣሪያው ነበር የሚያበላሸው። ኋላ ግን እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሆን ብዬ ወረቀቱን እያጣመምኩ ነው የማስገባው።»

ሠርኬ ማልቀስም መሳቅም አማራት። የፈለገችው ይህንን ብቻ ነበር፤ ያገኘችውም በማይሆን ሰዓት።

«ዞረህ እንዳታይ። ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው አለ። ሚዛኑን ካወረድኩ አንተን ይወስድሃል፣ ካላወረድኩ አባቴን።»

ማዕረግ ዞሮ አላየም። ቀለም የጠጡትን ጣቶቹን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«አውርጂው» አላት። «እኔ አባት የለኝም። አንቺ ግን አለሽ።»

አላወረደችም። ሰውዬው መጠበቅ ሰለቸውና ጃንጥላውን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። በዚያው ቅጽበት ጋሽ ካሳ ከመጋዘኑ ወጡ።

«ጋሽ ካሳ፣ ይህን ልጅ ያውቁታል?» አለ ሰውዬው።

«እጮኛዬ ነው» አለች ሠርኬ።

በጎረቤቱ ሱቅ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩ። እንዲህ ያለ ቃል በአባት ፊት፣ በገበያ መሐል፣ ሴት ልጅ አፍ አውጥታ ተናግራው አታውቅም። ጋሽ ካሳ ልጃቸውን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ጃንጥላውን አዩ። ሠርኬ አባቷን እንደዚያን ቀን ፈርታቸው አታውቅም።

«ጣቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ ሰውዬው።

«ቀለም ነዋ» አሉ ጋሽ ካሳ ቀስ ብለው። «ልብስ ሲያቀልም ነው የኖረው። ለገና ሽማግሌ ልኮ ያንን ሥራ ካልተውክ ልጄን አልሰጥም ብዬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ከኔ ጋር ነው የሚውለው።»

ሰውዬው ባንኮኒውን ቃኘ። ጋዜጣ ብቻ ነበር።

«መልካም። እንግዲያው ቀለሙ በሳምንት ይለቃል» አለ። «በየቀኑ እያለፍኩ አየዋለሁ። ሰርጉንም ጥሩኝ። አንድ ቀን እጁ ጠቁሮ ካገኘሁት ግን ሁለታችሁንም ነው የምወስደው።»

ሲሄድ ጋሽ ካሳ ወደ ማዕረግ ዞሩ። «ከመጋዘን ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሃይማኖትህን አልወደውም። ዛሬም ነገም አልወደውም። አንዴ ከአፌ የወጣውን ግን አላጥፍም። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ዐቢይ ጾም ገባ። ማዕረግ ባንኮኒው ላይ አቢሽ ይመዝናል፤ ሰውዬው በየቀኑ መጥቶ እጁን ያያል። ጣቶቹ ነጹ። ማባዣው ግን ቆመ። የቀረው አታሚ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ወይ ታስረዋል ወይ ሸሽተዋል። ከገጠር «ላኩልን፣ የምንሰብከው አጣን» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ሠርኬ ፊቱን አየች።

በማግስቱ «የሙሽራ ቀሚስ ልለካ» ብላ ወጣች። የሄደችው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነው። እትዬ ሙሉዬ የማባዣውን እጀታ አሳዩአት፤ አዞረችው። የሷ ወረቀት እንኳን ቀለም ሊደፋበት፣ ጠርዙም አልተጣመመም። እስከ ሰርጉ ድረስ ስድስት ጊዜ ለልኬት ሄደች። እየተመለሰች እጇን በላምባ ታጥባለች። እያተመች ታነበው ነበርና፣ ለማዕረግ ብላ የጀመረችውን ለራሷም ይዛው ቀረች።

የመጨረሻው ግን አልለቅ አላት። ሰርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ያተመችበት ቀለም በላምባም በአመድም እምቢ አለ፤ ጣቶቿ ከጫፍ እስከ አንጓ ጥቁር ናቸው። ቅዳሜ ጎረቤቷ እትዬ ሸዋገነት የጎጃም ሙሽራ እንደሚገባት የጣት ማቅለሚያውን እንሶስላ ሊያሞቋት መጡ።

«እስከ ጥፍሬ ድረስ ያድርጉልኝ» አለች ሠርኬ። «ደግመው ይደርቡበት።»

እትዬ ሸዋገነት ጣቶቿን አዩ። ሦስቴ ደረቡላት።

እሑድ በሰማንያ ተፈራረሙ። ሰውዬው መጣ። ዳሱ በር ላይ ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መሐል አድርጎ ተቀመጠ፤ በላ፣ ጠጣ። ከዚያ ተነስቶ የማዕረግን ሁለት እጆች ያዘና ገለበጣቸው። ንጹሕ ናቸው፤ አቢሽ አቢሽ ይሸታሉ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። ወደ ሙሽሪት ዞረ። ዓይኑ ጭኗ ላይ ባረፉት ጣቶቿ ላይ ቆመ። ሠርኬ ጣቶቿን አላነቃነቀችም።

«እንሶስላው ጠቆረ» አለ ሰውዬው።

ጋሽ ካሳ በመሐላቸው ገቡ። እጃቸው ላይ የዶሮ ብልት የያዘ ትልቅ ጉርሻ ነበር። «ያገራችን ደንብ ነው፣ ካልጠቆረ አይወደድም። በል እንካ፣ ያላጎረስኩት እንግዳ ከቤቴ አይወጣም።» ሰውዬው አፉን ከፈተ። እያላመጠ ሙሽራውን አንድ ጊዜ አየ፤ ጃንጥላውን አነሳ።

«ወረቀቱ አልቆመም፤ የምፈልገው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በሱቁ ደጅ አላለፈም።

ጋሽ ካሳ የልጃቸውን ነጠላ ለማስተካከል ጎንበስ አሉ።

«ግራ አውራ ጣትሽን ሸፍኚው። እንሶስላው አልያዘውም።»

ሠርኬ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አባባ... ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«አንድ ቀሚስ ስድስት ጊዜ አይለካም» አሉ። ቀና ብለው ዳሱን ቃኙ፣ ደግመው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰበብ ፈልጊ።»