ቢሊሴ ከግሩፑ የወጣች ቀን

«‹ነገ ውሃ አይኖርም› ብለሽ ጻፊ» አሉ ጋሽ አምኃ። «ግን ‹ወረዳው እንዳሳወቀን› የሚለውን ከፊት አድርጊው። አለበለዚያ እኔ የዘጋሁት ይመስላቸውና ቀኑን ሙሉ ሲደውሉልኝ ይውላሉ።»

ሰብሊ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች። ከእድሩ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ጀማነሽ በር ላይ ሆና የእድሩን ትላልቅ ብረት ድስቶች ታጥባለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጋሽ አምኃ የእድሩ ሊቀመንበር ስለሆኑ የሳምንቱን ወሬ ይናገራሉ፤ ሰብሊ ደግሞ የእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፋለች።

ድሮ ጥሩንባ ነበር። ጥሩንባ ነፊው በጠዋት ተነሥቶ ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ያለውን መንደር ያዳርሰዋል። የካዛንቺስ ቤቶች ለልማት ሲነሡ ግን የእድሩ ግማሽ አባል ገላንና አራብሳ ገባ። እዚያ ድረስ የሚሰማ ጥሩንባ የለም። ስለዚህ ግሩፑ ተከፈተ። «የኔ ልጅ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች» ብላ ሰብሊን ያስመዘገበቻት እናቷ ናት።

ሰብሊ ስለ ውሃው ጽፋ ስትጨርስ ከሥር አንድ መስመር ጨመረች። ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«‹የሱቁ ድመት አራት ወልዳለች፤ ሁለቱ ነጭ ናቸው።› ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዜና ነዋ፣ ጋሽ አምኃ።»

«ድመቷ መዋጮ ከፍላ ታውቃለች?»

«አይ… ማለቴ፣ ከዚህ የሄዱት ሰዎች ሲያነቡት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።»

ጋሽ አምኃ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አጥፊው አላሏትም።

«የሄዱት ሰዎች» ያለችው አንድ ሰው ነበር። ቢሊሴ። ከአንደኛ ክፍል እስከ ሰባተኛ በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። ቢሊሴ ገላን የገባች ሰሞን በየቀኑ ትጽፍላት ነበር፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ንፋሱ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ሲናገሩ ድምፃቸው ስለ ማስተጋባቱ። ከዚያ አዲስ ትምህርት ቤት ገባች። መልእክቱ በሳምንት አንዴ ሆነ። በመጨረሻ ሰብሊ «እንዴት ነሽ?» ብላ ጻፈችላት፤ ቢሊሴ አይታው ዝም አለች። ሰብሊ ደግማ ለመጻፍ አፈረች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ጥቃቅን ወሬ በእድሩ ማስታወቂያ ጅራት ላይ ትቀጥላለች። ቢሊሴ ግሩፑ ውስጥ አለች። ታንብበው አታንብበው ግን አይታወቅም።

የጋሽ አምኃ ስልክ ጮኸ።

«አቤት… ማን ልበል?… እህ… የት ላይ?» ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሚስቱ ሰምታለች? አደራ፣ አደራ! ማንም እንዳይደውልላት።»

ስልኩን ዘግተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጀማነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።

«ማን ነው ጋሼ?»

«ገለታ» አሉ። «አዋሽ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ። ወዲያው ነው ያለፈው። አስከሬኑ ነገ ረፋድ ላይ ይደርሳል።»

አቶ ገለታ የቢሊሴ አባት ናቸው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር። ከመንገድ ሲመለሱ ገና ከአስፋልቱ ላይ ክላክስ ያደርጋሉ፤ ቢሊሴና ሰብሊ እየተሽቀዳደሙ ይወጣሉ። ከጅቡቲ የሚያመጡትን ቴምር የሚሰጡት ቀድማ ለደረሰችው አልነበረም፤ ወደ ኋላ ለቀረችው ነበር። የምትቀረው ደግሞ ሁልጊዜ ሰብሊ ናት።

የእድሩ ጸሐፊ ፋኑኤል ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። መርዶው ነገ ማለዳ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ መነገር አለበት። ለሚስትና ለልጅ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ አብረው ገብተው፣ ይዘው ነው። ጎረቤቶቹ ግን አሁን በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል።

«ግሩፑ ላይ እንለጥፈው» አለ ፋኑኤል።

«እብድ ነህ? እነሱም እኮ ግሩፑ ላይ ናቸው!» አለች ጀማነሽ።

«እናስወጣቸዋለና። ለዛሬ ብቻ። ነገ እንመልሳቸዋለን፤ በቃ።»

ጋሽ አምኃ ብዙ አሰቡ። ለያንዳንዱ ሰው እንደውል ቢሉ አይዳረስም። በመጨረሻ ወደ ሰብሊ ዞሩ። «አውጫቸው ልጄ።»

ሰብሊ መጀመሪያ እናትየዋን አስወጣች። ከዚያ የቢሊሴ ስም ላይ ደረሰች። ፎቶው ገና ካዛንቺስ እያሉ የተነሡት ነው፤ ዳር ላይ የሰብሊ ትከሻ ይታያል። ነካችው። ቢሊሴ ጠፋች።

ማስታወቂያው ተለጠፈ። ነገ ማለዳ ገላን፣ ከታክሲ ተራው አጠገብ። ማንም ወደ ቤታቸው እንዳይደውል።

እቤት ገብተው እናቷ ጥቁር ነጠላዋን ስታወጣ የሰብሊ ስልክ ነዘረ።

«ሰብሊ»

«አለሽ?»

ቢሊሴ ነበረች። ሰብሊ ስንት ወር ሙሉ ይቺን ስም ስክሪኗ ላይ ለማየት ተመኝታለች። አሁን ግን ስልኩን መሬት ላይ ልትጥለው ምንም አልቀራትም።

«ከግሩፑ አስወጣችሁን እንዴ? እናቴንም እኔንም»

«ሰፈር ስለለቀቅን ነው?»

«እናቴ እያለቀሰች ነው። ምን አጠፋን፣ ከለቅሶ አልቀረን፣ ከሠርግ አልቀረን፣ ጭራሽ እንደ ባዳ ቆጠሩን እያለች ነው»

ሰብሊ ስልኩን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። ፊደል የቆጠረችው በቅርቡ ስለሆነ ጀማነሽ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምን ልበላት እማዬ?»

«ስልኩ ተበላሽቶ ነው በያት።»

«ውሸት ነዋ!»

«ይሁና። ገለታ አለ ብለው የሚተኙት የዛሬን ብቻ ነው። እሱን እንዴት እንነጥቃቸዋለን?» ጀማነሽ ነጠላዋን አጣጥፋ እንደገና ፈታችው። «እኔስ ምን አውቃለሁ ልጄ። ብቻ አትንገሪያት።»

ሰብሊ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቴሌግራሙ አስቸግሮ ነው» ብላ ጻፈችና ደመሰሰችው። ቢሊሴ ነገ ሁሉን ስታውቅ ይህችን መስመር ተመልሳ ታነባታለች። ዝም ብትል ደግሞ የቢሊሴ እናት ሌሊቱን ሰፈሩ ጣለን እያሉ ያድራሉ።

«ሰፈር ስለለቀቃችሁ አይደለም» ብላ ጻፈች። «እውነቴን ነው። ማንም አልረሳችሁም። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሳታስበው ነው የወጣችው። ተልካለች።

«የምርሽን???»

«አቦ ሙድ እንዳትይዥብኝ»

«ለእናቴ ነገርኳት፣ ሳቀች! ታክሲ ተራው ጋ ወርጄ እጠብቅሻለሁ፣ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ትጠፊያለሽ»

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ።

«የምትጽፊውን ሁሉ አነባለሁ እሺ። የድመቷንም። ግን ሳነብ ሰፈር በጣም ይናፍቀኛል፣ ከዛ ልመልስልሽ ስል ያስለቅሰኛል። ለዛ ነው የጠፋሁት»

ሰብሊ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ድንገት ገባት። ታክሲ ተራው። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ቢሊሴ እሷን ብላ ስትወርድ ጥቁር የለበሰውን የድሮ ሰፈሯን ሰው በሙሉ ታገኛለች። እናቷ አጠገቧ ሳይኖሩ፣ መንገድ ላይ።

ጀማነሽ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «ወይኔ ልጄ! ምን አደረግሽ?» ወዲያው ጋሽ አምኃ ጋ ደወለች፤ ሰብሊም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ሁሉን ነገረቻቸው።

«ቀላል ነው» አሉ ጋሽ አምኃ። «‹አልተመቸኝም፣ አልመጣም› ብለሽ ጻፊላት። ከቤት አትወጣም።»

ቀላል ነበር። ሁለት ቃል። ሰብሊ ስልኩን አየችው። ቢሊሴ ስንት ጊዜ «እመጣለሁ» የሚል ሰው ጠብቃ ይሆን? ነገ ደግሞ የሚመጣላት መርዶ ነው።

«ጋሽ አምኃ፣ እኔ ልምጣ» አለች።

«ልጅ መርዶ አይሄድም» አለች እናቷ ቶሎ ብላ።

«መርዶ አልናገርም። ሚኒባሱ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ሌሎቹም እዚያ ይጠብቁ። እኔ ቀድሜ ልውረድና እናቷ ጋ ላድርሳት። ከዚያ ትገባላችሁ።»

«ፊትሽ ላይ ታየዋለች እኮ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ አምኃ በለሆሳስ።

«ብታየውም እኔ ይዣት ነው።»

«እሺ፣ ከመታጠፊያው በፊት እንድንሰበሰብ ለሁሉም አሳውቃለሁ» አሉ ጋሽ አምኃ። ጀማነሽ ልጇን እንደ እንግዳ ሰው አየቻት። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ ሁለተኛ ነጠላ ፈለገች፤ ግን ጥቁሩን አይደለም፣ ነጩን አወጣች። «ይቺን ልበሺ። ጥቁር ካየች ታውቃለች።»

ማለዳ ሚኒባሱ በመስቀል አደባባይ ሲያልፍ ሯጮች ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። ፋኑኤል እንኳ ስልኩን አልነካም። ገላን ሲደርሱ ከመታጠፊያው በፊት ቆሙ፤ ከሌላው ሰፈር የመጡትም እዚያው በግንቡ ጥግ ቆመዋል። እናቷ የሰብሊን ነጠላ አስተካከለችላት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«እናቷ ጋ እስክትደርሺ እንዳታለቅሺ» አለቻት።

ሰብሊ መታጠፊያውን ስታልፍ ቢሊሴ ታክሲ ተራው ላይ ነበረች። ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ግማሹ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ አልተሠራም። አየቻትና እየጮኸች ሮጠች። ተቃቀፉ። ረዝማለች። ሰብሊ አገጯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«አላመንኩም! በናትሽ፣ ብቻሽን መጣሽ? እናቴ ከሌሊት ጀምራ ቤት ስታጸዳ ነበር። አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ተንቀጠቀጥሽ እኮ።»

«ብርድ ነው። ነይ፣ እናትሽ ጋ እንግባ።»

ቢሊሴ ክንዷን ያዘቻት፤ እያወራች ወደ ሕንፃቸው አመሩ። ሰብሊ በመንገዱ በኩል ሆነች፤ ቢሊሴ ወደ ኋላ ብትዞር መጀመሪያ የምታየው እሷን እንዲሆን። ቢሊሴ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ኬሚስትሪ ስለሚያስተምረው ቀሽት ቲቸር፣ ሊፍቱ መቼ እንደሚሠራ ስለማያውቀው ጥበቃ ነገረቻት። ሰብሊ ሁሉንም ሰማች። እንዲህ ስትናገር ለመስማት ስንት ቀን ጓጉታ ነበር። አሁን ደረጃው እንዳያልቅ ትመኛለች፤ ግን እግሯን አላዘገየችም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ በሩ ተከፍቶ የቢሊሴ እናት በፈገግታ ቆመው ነበር።

«አባዬም ዛሬ ይገባል» አለች ቢሊሴ። «ሳያይሽ ብትሄጂ ይቆጣኛል። እስኪመጣ ትቆያለሽ አይደል?»

ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ የብዙ ሰው እግር ቀስ እያለ ሲወጣ ተሰማ። ሰብሊ የቢሊሴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አልሄድም» አለቻት። «ዛሬ የትም አልሄድም።»