ከባለ ሸራዋ ጀልባ የመጣ ጥያቄ

እኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ስምንት ዓመት የሆነኝ፣ ቤተ ክርስቲያንም አዘውትሬ የምሄድ፣ የሞተ ሰው ታየ፣ ድምፅ ተሰማ የሚባል ወሬ ቤቴ ውስጥ እንኳ የማላስወራ ሰው ነበርኩ፤ ባለቤቴ የአረካ ልጅ ናት፣ ሰፈራቸው ውስጥ ታየ ስለተባለ ነገር ልታወራኝ ስትጀምር "ተይ እባክሽ፣ ልጆቹ ይሰማሉ" እያልኩ አቋርጣት ነበር። ስለዚህ፣ ወዳጄ፣ እመነኝ ብዬ አላስገድድህም፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ ብቻ።

ከጀልባዋ ልጀምር። እኔ ሳልወለድ አንድ ነጋዴ በሁምቦ በኩል አባያ ሐይቅ ዳር ከዋንዛ ሳንቃ ትልቅ ጀልባ አሠርቶ ነበር፣ ሞተር የሌላት፣ መሐሏ ላይ በቆመው ምሰሶ ከወፍራም አቡጀዴ የተሰፋ ሸራ ተወጥሮ በነፋስ ብቻ የምትሄድ። የአገሩ ሰው "ባለ ሸራዋ" ይላት ነበር። ከኛ በኩል ጥጥና በቆሎ ጭና ትሻገራለች፣ ከማዶ ፍየልና ቅቤ ይዛ ትመለሳለች። የሚነዳት አባቴ አንጁሎ ነበር፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። አንድ የጥጥ ለቀማ ሰሞን ከሦስት ሰዎች ጋር ጥጥ ጭኖ ወጣ፣ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ባለ ሸራዋ ሐይቁ መሐል ያለችውን ትንሽ ደሴት ስታልፍ አየ፣ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ሬሳ አልተገኘ፣ ሳንቃ አልተገኘ። ጉማሬ ገለበጣት ያለ አለ፣ ነፋስ ነው ያለም አለ፣ ከሁሉ የከፋው ግን ሰዎቹ ማዶ ሌላ ሚስት አግብተው ቀሩ የሚለው ወሬ ነበር። እናቴ ባሎቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ በሆዷ ያለሁት እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ያደግሁት ያንን የመጨረሻውን ወሬ አምኜ ነው። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠለትም፣ እናቴ እምቢ አለች። ልጅ ሆኜ አባትህ የት ነው ሲሉኝ "ማዶ" እያልኩ ነው ያደግሁት። እሷ እዚያው ሐይቁ አጠገብ ብቻዋን አረጀች፣ ሶዶ ቤት ከሠራሁ ጀምሮ ነይ ከኛ ጋር ኑሪ ብዬ ያልለመንኳት ጊዜ የለም፣ "ሰው አለብኝ" ትለኛለች፣ ሌላ አትጨምርም።

አምና ዓይኗን ሞራ ጋረደው፣ ሐኪሙም ቶሎ ካልተነሣላት ጭራሽ ታጣዋለች አለኝ። ይዣት ልመጣ ቆርጬ ተነሣሁ፣ እስከ ጠበላ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል ወደ ቆላው ወረድኩ፣ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ እናቴ ቤት የለችም። ጎረቤቷ "ውኃው ዳር ወርዳለች" አለችኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉልበቷን ስሜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ በዚህ ሰዓት አዞ አትፈሪም?"

"አዞው ለምዶኛል። ተቀመጥ፣ ግን አታውራ።"

ነፋስ አልነበረም፣ ይህን ልብ በልልኝ፣ የአባያ ቀይ ውኃ እንደ ተነጠፈ ቁርበት ተኝቷል። መጀመሪያ የሰማሁት የገመድ ድምፅ ነው፣ ከባድ ነገር ሲጎትተው ሲጥ፣ ሲጥ የሚል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው አልኩ በልቤ፣ ምሽት ላይ ውኃው ላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ እኔው ራሴ የማስተምረው ነገር ነው። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ጨርቅ ተርገበገበ፣ እንጨት ከእንጨት ተጋጨ፣ ከዚያ የሰው ሳል ተሰማ። እመነኝ፣ ከእኔ ሃያ ክንድ አይርቅም፣ ዓይኔ ግን ከውኃ በቀር ምንም አያይም። እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በዚያ ዕድሜዋ ፀጉሯን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገች።

ከውኃው የመጣው ድምፅ የጎልማሳ አይደለም፣ የወጣት ነው፣ በወላይትኛ፣ ድካም ያለበት።

"ባሎቴ፣ ምን ወለድሽ?"

"ወንድ" አለች እናቴ። "ወንድ ነው የወለድኩት። ደህና ነው።"

ትንሽ ሳቅ ሰማሁ፣ ሰው ለብቻው የሚስቀው ዓይነት።

"ተመስገን" አለ። "ጥጡን ማዶ አራግፌ እመለሳለሁ። አንቺ ግቢ፣ ይበርድሻል።"

ገመዱ እንደገና ሲጥ አለ፣ እየራቀ ሄደ፣ ጠፋ። እኔ "አባባ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ ወዳጄ፣ ያንን ቃል በሕይወቴ ለማንም ብዬው አላውቅም፣ ምላሴ እንዴት እንደሚያወጣው ጠፋው።

እጇን ይዤ ወደ ቤት ስንመለስ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ጡት ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ። ጥጥ በተለቀመ ቁጥር አንድ ቀን ይመጣል። ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ደስ ይለዋል። በዓመቱ ደግሞ ረስቶት ይመጣል።"

"ክፉ መንፈስ ቢሆንስ፣ እማዬ?"

"ጸልዬበታለሁ። ክፉ መንፈስ ምን ወለድሽ ብሎ ይጠይቃል?" ጥቂት ከሄድን በኋላ "እኔ ሶዶ ብገባ ማን ይነግረዋል ብዬ ነው" አለችኝ።

አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ማዶ ሌላ ልጅ አቅፏል ብዬ ሃምሳ ዓመት ቂም የያዝኩበት ሰው፣ ለካስ የኔን መወለድ ሊሰማ ሲመላለስ ኖሯል። "የዘንድሮውን ነግረሽዋል፣ አሁን ዓይንሽ ይታከም" አልኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለችኝ።

ሞራው ተነሣላት፣ የልጆቼን ፊት ተራ በተራ በሁለት እጇ ይዛ አየች፣ ከዚያ ወዲህ እኛው ጋ ናት። ጉልበቷ ግን ከዳት፣ ቆላ መውረድ አትችልም። ይኸው ጥጡ ደግሞ መለቀም ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ጠራችኝና "ዘንድሮ አንተ ንገረው" አለችኝ፣ ለጎረቤት መልእክት እንደምትልክ ሁሉ። ቀኑን ስጠይቃት "ሄደህ ተቀመጥ፣ ይመጣል" አለች እንጂ ሌላ አልነገረችኝም።

ባለቤቴ አትሂድ ትለኛለች፣ እኔ ግን እሄዳለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ። የሚያስፈራኝ ባይመጣስ የሚለው አይደለም። እሱ ዛሬም ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው፣ እኔ ሸብቻለሁ፣ ድምፄም የሽማግሌ ሆኗል፤ ባሎቴ ብሎ ሲጣራ በእሷ ፈንታ እኔ "የተወለድኩት እኔ ነኝ" ብዬ ስመልስለት፣ ስንት ዓመት ውኃ ላይ እንደቆየ ከድምፄ ይገባው ይሆን?