የፍተሻ ክፍሉ ደወል

ሰዎቹን ያስደነገጣቸው ጸጥታው ነው። ከቀትር ጀምሮ በፍተሻ ክፍሉ ውስጥ ሲያጓራ የዋለው ሞተር ነዳጁ አልቆ ቀጥ ሲል፣ በመካኒሳው ወርክሾፕ የነበሩት ሁሉ ከሥራቸው ቀና አሉ። ሩቲ በሩን ከፍታ ስትገባ ፈታሹ ጋሽ ወጋየሁ የጆሮ መከላከያቸውን እንዳደረጉ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ አገኘቻቸው። ሞተሩ ሲሠራ ሰውየውም እየሠሩ መስሏቸው ነበር። ከሬሳ ጋር ነው የዋሉት።

ኢንስፔክተር ትሩፋት በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ፣ ታሪኩ የሚባለው መሐንዲስ ካቴና ገብቶለት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ክፍሉን በመርዛማ ጋዝ የሞላው የጤፍ መውቂያ ማሽን የእሱ ነው። ከሞታቸው በፊት በነበረው ቀን ደግሞ «እርስዎ ካልሞቱ ይሄ ማሽን አይወጣም!» ብሎ ሲጮህባቸው ያልሰማ አልነበረም። ጭሱን ወደ ውጭ የሚወስደው ሰፊ ቱቦ ከጓሮ በኩል በሸራ ቁራጭ ተወትፎ ተገኝቷል። ለፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ትሩፋትን ግን ያለቀ ነገር ሁልጊዜ ያሳክካታል።

መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። ከፍተሻ ክፍሉ ተነስቶ በጣሪያው ሥር ያልፍና አዳራሹ መሃል የተሰቀለ ደወል ላይ ያበቃል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ስትል የወርክሾፑን ባለቤት ጠየቀች።

«የጋሽ ወጋየሁ ነው» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ። ዓይናቸው አብጧል። «ድሮ ሦስቱንም ምርት እኩል ነበር የምናስኬደው፤ የሩቲን የጨቅላ ማሞቂያ አልጋ፣ የታሪኩን መውቂያ፣ የምትኩን የመስኖ ፓምፕ። ሳይፈተሽ የሚወጣ የለም፣ ፈታሹ ደግሞ አንድ ሰው ነው። ማነቆው እዚያ ነበር። ሁሉም ይጎትታቸዋል፣ አንዱን ጀምረው ወደ ሌላው ይሮጣሉ፣ አንዱም አያልቅም።»

«ከዚያስ?»

«አንድ በአንድ ይሁን አልኩ። የያዙትን ሳይጨርሱ ሌላው በሩን አያልፍም። ሲጨርሱ ገመዱን ይስባሉ፣ ባለተራው ዕቃውን ይዞ ይገባል። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ሥራው ሲፈጥን ግን እኛም ደነገጥን።»

«ትናንት ደወሉ ተሰምቷል?»

ወይዘሮ ውብነሽ ወደ ደወሉ ሳይመለከቱ መለሱ። «ቀን አልተሰማም። ማታ ግን ጥበቃው ሰማሁ ይላል። እኔ እንጃ፣ ፍርሃቱ ይሆናል፣ እዚህ ማደር አልፈልግም ብሎ ጥሎ ሄዷል።»

ሩቲ የማሞቂያ አልጋዋን ጠርዝ ይዛ ነው የተናገረችው።

«የእኔ ባለፈው ወር ፍተሻውን አልፏል። ምትኩ ደግ ሰው ስለሆነ ተራውን ሰጠኝ። ‹የሕፃን ነገር ነው፣ ቅደሚ› አለኝ።»

«ታሪኩስ?»

«ቁጡ ነው፣ አፉ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። ኢንስፔክተር፣ ጌታ ይመስክርብኝ፣ እሱ አልገደላቸውም።»

ታሪኩ ራሱ ግን ያን ያህል እርግጠኛ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ጣቢያ ውስጥ የገዛ ቃሉን ሲሰማ አድሯል።

«ማሽኑን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ» አለ ካቴናውን እያየ። «የመጨረሻው ፍተሻ ነበር። ካለፈ ማሽኑ ይወጣልኛል። እኔ ያን ቃል ተናገርኩ፣ እሳቸውም ሞቱ። ምን እንደምል አላውቅም።»

«ከምትኩ በፊት እንዴት ገባህ?»

«ተራውን ለቀቀልኝ። ለእኔም።»

ምትኩ የተረጋጋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ፓምፑ በሸራ ተሸፍኖ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

«አልቋል?» አለችው ትሩፋት።

«ካለቀ ቆየ። እሳቸውን ስጠብቅ ነው።»

«ሁለት ጊዜ ተራህን ለቅቀሃል አሉ።»

«እኔ ምን ያስቸኩለኛል? ይድረሳቸው ብዬ ነዋ።»

ትሩፋት አመስግናው ወደ ጓሮ ወጣች። የተወተፈውን ቱቦ አየች፣ ተመልሳ የታሪኩን የሸራ ሽፋን ዘርግታ ጠርዝ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሁሉንም ደወሉ ሥር ሰበሰበቻቸውና ወደ ፍተሻ ክፍሉ ገብታ ገመዱን ሳበች።

ደወሉ ጮኸ። ሩቲ «ኢየሱስ» ብላ ፊቷን ሸፈነች። የጋሽ ወጋየሁ እጅ የሳበው ያህል ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«ባለተራ ማነው?» አለች ትሩፋት ከበሩ ወጥታ።

ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረች።

«እኔ ልንገራችሁ። ጋሽ ወጋየሁ ሲሞቱ መጀመሪያ የሚጎዳው ታሪኩ ነው፣ ማሽኑ ሊያልፍ ትንሽ ነበር የቀረው። ሩቲ ጨርሳለች፣ ከሞታቸው የምታገኘው የለም። ሁሉም ገዳይ ብሎ የሚቸኩል ሰው ሲፈልግ ነበር። የሚቸኩል ሰው ግን እሳቸውን ከማንም በላይ ይፈልጋቸዋል። እኔ የማይቸኩለውን ፈለግሁ። ሁሉም በሚሻማበት ወረፋ አንድ ሰው ተራውን ሁለት ጊዜ ሰጠ። ከታሪኩ በኋላ ግን ተራውን የሚሰጠው ሰው አልቀረም።»

ምትኩ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ሸራው ከአንድ ጥቅል ለሦስታችሁም የተቆረጠ ስለሆነ ፖሊሶቹ የታሪኩ ነው አሉ። የታሪኩ ሽፋን ሙሉ ነው። የሩቲም አልጋው ላይ አለ፣ አልተነካም።»

ወደ ጥጉ ሄዳ የፓምፑን ሽፋን ገፈፈችው። ወደ ግድግዳው የዞረው ጫፍ ተቀድዷል። ከሥሩ ያማረ ቀለም የተቀባ የፓምፕ ቀፎ ብቻ ነበር፤ ውስጡ ባዶ።

«ወረፋው ረጅም ሳለ» አለችው፣ «ያላለቀው ሥራህ ከጋሽ ወጋየሁ ጀርባ ተሸሽጎ ኖረ። ‹እሳቸውን እየጠበቅሁ ነው› ማለት ብቻ ይበቃህ ነበር። ሲፈጥኑ መሸሸጊያህን ወሰዱብህ።»

«አልቋል ካልኩ በኋላ አላልቅ አለኝ» አለ ምትኩ። «ልገድላቸው አይደለም። ራሳቸውን አሟቸው ጥቂት ቀን ቤት እንዲተኙ ነው። እስኪደርስልኝ።»

«ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበርክ እኮ» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ። «ገብተህ አታያቸውም ነበር?»

«ሞተሩ ይሠራ ነበር፣ እትዬ። ደህና ናቸው ብዬ ነው። እንዲያውም አልታመሙም ብዬ ተናድጄ ነበር።»

ካቴናው ከታሪኩ እጅ ወልቆ ወደ ምትኩ እጅ ሄደ። ታሪኩ የእጁን አንጓ እያሸ ወደ ማሽኑ ሄደና ክዳኑን በመዳፉ ነካው።

«እኔም ስሰማው ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «አንድም ጊዜ ሳይቆም መሥራቱን እየሰማሁ፣ ዛሬስ አለፈልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»