ሦስተኛዋ አውሮፕላን

የምጽፍላችሁ ነገር በእኔና በወንድሜ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። በሕልሜም አላየሁትም።

መጋቢት 1989 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አለፍ ብሎ። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ነፋስም አልነበረም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች... ጥላ ከእግር ሥር ገብቶ የሚደበቅበት ሰዓት።

ያ ነገር የመጣው በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ነው።

ኑኃሚን እባላለሁ። ያን ጊዜ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባታችን መምህር ወልደ ሚካኤል ከጎጃም ተመድበው የመጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ቤታችንም ከዳገቱ በላይ፣ ሴቻ ነው። ሽመክት በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ነው። ማትሪክ ሊፈተን የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ።

በሂሳብ ሽመክትን የሚያህል አልነበረም። ጋሽ ኦይታ ያንን የጨዋታ ማሽን በሞያሌ በኩል አስመጥተው ሲቀላ እስኪተክሉት ድረስ።

ማሽኑ ቁም ሣጥን ያህላል። ከስክሪኑ ሥር ሁለት እጀታዎችና ሁለት ቀይ ቁልፎች አሉት። አንዱ ተጫዋች አረንጓዴዋን አውሮፕላን ያበርራል፣ ሌላው ቀይዋን። ጠላት ከላይ እንደ አንበጣ ይወርዳል። መተኮስ፣ መሸሽ፣ መተኮስ... ሌላ ነገር የለም።

የከተማው ወጣት ሁሉ አበደለት። ሽመክት ግን ከሁሉ ባሰ።

ገበታ ላይ አውራ ጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታል። ሲጠሩት አይሰማም። ተኝቶ እንኳ ጣቱ አያርፍም... ብርድ ልብሱን ይተኩሳል።

አባዬ አንድ ቀን ተቆጥተው ቁርጡን ነገሩት፤ "ዘንድሮ ብትወድቅ ይህ ቤት ቤትህ አይደለም።"

አባዬ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

እናቴ እጅጋየሁ ጓዳ ውስጥ ጠርታ እጄን ያዘችኝ። ዐይኗ ቀልቷል።

"አንቺን ይሰማል። ልጄን አምጪልኝ።"

"አመጣዋለሁ" አልኳት።

አምኜ ነው ያልኩት። ሰው ጉዳቱን በማስረጃ ካስረዱት ይመለሳል ብዬ ነው ያደግኩት።

ሲቀላ ወርጄ ገና ከበሩ ስገባ፣ ሽመክት ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ሳቀብኝ።

"የክፍሉ አንደኛ መጣች! ቦታ ልቀቁላት!"

"እማዬ እየጠበቀችህ ነው። ተነሥ።"

"መጀመሪያ አንዴ ተጫወቺ።"

"እኔ? ይህን የሕፃን ጨዋታ?"

ጋሽ ኦይታ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ሸንኮራ እየላጡ ነበር። "የመምህሩ ልጅ፣ ቁጭ በይ!" አሉ። "ማሽኑ እንደሆነ ካርድ አምጪ አይልሽም!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሽመክት ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ። እስከ መጨረሻው ደረጃ አብረሽኝ ከደረስሽ፣ እስከ ፈተናው ድረስ ይህን ቤት አልረግጥም።"

"ማል።"

"እማዬ ትሙት!"

ተቀመጥኩ። ገና እጀታውን ሳልጨብጥ ቀይዋ አውሮፕላኔ ተቃጠለች። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ተቃጠለች።

በማግሥቱም ሄድኩ። ከዚያም በማግሥቱ።

እውነቱን መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ፤ ያ ጨዋታ ደስ ይላል። ፈተናው፣ የአባዬ ቁጣ፣ ነገ የሚባለው ነገር ሁሉ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። እጅ ከሐሳብ ይቀድማል። ቢሳሳቱም ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወዲያው ሌላ አውሮፕላን ይሰጣሉ። ሁልጊዜ አንደኛ እንድትወጣ ለሚጠበቅባት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሜን በማስረጃ ልመልስ የሄድኩት እኔ፣ ሌሊት አልጋዬ ላይ አውራ ጣቴ ሲንቀሳቀስ ያዝኩት።

ጉዳቱ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ያ ጨዋታ ዘወር ማለት አይፈቅድም። ለአፍታ ዐይንን ማንሣት መሞት ነው። ስምህን ቢጠሩህ፣ ትከሻህን ቢነኩህ፣ ቤቱ ቢቃጠል... ዐይንህ እዚያው ነው።

ከኋላህ ማን እንደቆመ አታይም።

በዚያ ረቡዕ ጋሽ ኦይታ ዘመድ ሞቶባቸው ወደ ዶርዜ ለቅሶ ሊወጡ ነበር። ቁልፉን ለሽመክት ሰጡት።

"ቀትር ላይ ግን ዝጋው። እሺ?"

"ለምን ጋሼ?"

"ማሽኑ ይግላል።" ትንሽ ሄደው ተመለሱ። ድምፃቸው ተለወጠ። "ሰውም ቢሆን ቀትር ላይ አርፎ ይቀመጣል።"

ሽመክት አልዘጋውም። እኔም ዝጋው አላልኩትም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሰን ነበራ! ያንን አልፈን ወደ ቤት ልንሄድ ነው። ለዘለዓለም።

ጾም ስለነበር ሲቀላ ጭር ብላለች። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ቋ... ቋ... ይላል። ሌላው ተጫዋች ሁሉ ወጥቶ ሄዷል። በሩን ለአየር ብለን ገርበብ አድርገነዋል።

ሁለታችንም ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። ላቡ በአንገቴ ይወርዳል።

ድንገት ከኋላዬ ብርሃኑ ቀነሰ።

ሰው በር ላይ ሲቆም ቤት እንደሚጨልመው።

እኛ ቤት ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቅረት ነውር ነው። አባዬ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። የመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን "ኖር!" እንላለን። የመጣውም "በእግዜር!" ብሎ ያስቀምጠናል።

ዐይኔ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ብድግ አልኩ።

"ኖር!"

መልስ የለም።

አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "ኖር!"



"ማን ነው?" ሽመክት አንሾካሾከ።

"አንተ እየው።"

"አልችልም። እየመጡ ነው... አንቺ እዪ።"

"እኔም አልችልም።"

የስክሪኑ መስታወት ላይ የበሩ ምስል ይታየኛል። ረዥም፣ ነጭ የብርሃን ሰንበር። ማንም አልቆመበትም። ጀርባዬ ግን ቀዝቅዟል። ቤቱ እንደ ምድጃ እየጋለ፣ ጀርባዬ ብቻ... የምንጭ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል።

እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? አስተዳደጌን እንዴት ልርሳ!

"ይቀመጡ" አልኩ። በርጩማዬን በእግሬ ወደ ኋላ ገፋሁላቸው። ራሴ ቆሜ መጫወቴን ቀጠልኩ።

በርጩማው ሲጥ አለ።

ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

ያኔ ስክሪኑ ላይ ሦስተኛ አውሮፕላን ወጣች።

ነጭ ናት።

"ሽሜ... ይቺ የማን ናት?"

"እኔ እንጃ።"

"ማሽኑ እኮ ሁለት እጀታ ብቻ ነው ያለው።"

"ዝም በይ... ጎበዝ ናት።"

ነጯ አውሮፕላን አትተኩስም። ጥይት ሲመጣባት አትሸሽም፤ ጥይቱ በውስጧ ያልፋል። የሽመክትን አረንጓዴ አውሮፕላን ተጠግታ ትበራለች። እሱ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። እሱ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ።

ቀጥሎ ግን... እሷ ወደ ቀኝ ስትል እሱ ተከተላት።

"ሽሜ፣ ራቃት።"



በጎን በኩል እጁን አየሁት።

እጀታውን አልያዘም።

ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ... እንደ ጨዋ እንግዳ። አረንጓዴዋ አውሮፕላን ግን መብረሯን አላቆመችም።

እጀታዬን ለቀቅኩ። ቀይዋ አውሮፕላን ፈነዳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞርኩ።

ማንም የለም።

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ከውጭ ፀሐይዋ ዐይን ታጠፋለች። በርጩማው የተቀመጠው ከኋላዬ፣ በእጅ በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። የቆዳው መቀመጫ መሐሉ ወደ ታች ሰርጎ ነበር... ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ።

"ሽሜ፣ ተነሥ!" ክንዱን ጎተትኩት።

ተነሣ። ግን በግማሽ ብቻ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ፈገግ አለ።

"ኖር" አለ በለሰለሰ ድምፅ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ አውሮፕላን ተጨመረች።

ቁጭ አለ። እንደገና ብድግ አለ።

"ኖር።"

ሌላ ነጭ አውሮፕላን።

"ኖር... ኖር... ኖር..."

ሰርግ ቤት እንግዳ ሲግተለተል እንደሚደረገው፣ ወንድሜ ብድግ ቁጭ ይላል። ዐይኖቹ ከበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ አንድ ነገር እየተከተሉ ሄደው ይመለሳሉ። ስክሪኑ ነጭ በነጭ ሆነ።

አንድም "በእግዜር" ያለ የለም።

ጮህኩ መሰለኝ። ወደ ግድግዳው ሮጬ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጠፋ።

ጸጥታ። የቆርቆሮው ቋ... ቋ... ብቻ።

"ምን ሆንሽ አንቺ? ልናሸንፍ ስንል!" አለ ሽመክት። የራሱ ድምፅ ነበር። ፊቱም የራሱ።

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

"እንሂድ። እባክህ። እማዬ ትጠብቅሃለች።"

ይከራከረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን እንደ ሕፃን ልጅ እሺ አለ።

"እሺ። ከእንግዲህ እዚህ አልመጣም። ቤት እንሂድ።"

በሩን ቆለፈ፤ ወጣን። ልቤ በደስታ ሞልቷል። ወንድሜን ከዚያ ወንበር አስነሥቼዋለሁ! የቀረውን ነገር ሙቀቱና ጾሙ ያመጡት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማስረጃ አለኝ፤ ቁርስ አልበላንም ነበር።

ወደ ሴቻ የሚወጣ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሣም። ቀትር ላይ ደግሞ ሰው ስለሌለ ማስጠበቁ ያሰለቻል። መናኸሪያው ደጃፍ አንድ ብቻ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንጎላጃል። ውስጡ ባዶ ነው። እኔና ሽመክት የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደን ተቀመጥን።

ሾፌሩ ቀና አለ። መስታወቱን ተመለከተ። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ሰው ይቀመጥበት!"

ዙሪያዬን አየሁ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

ሽመክት ወደ እኔ ተጠጋ። ትከሻው እስኪያመኝ ድረስ ከመስኮቱ ጋር አጣበቀኝ። በወዲያኛው ጎኑ ሰፊ ባዶ ቦታ ቀረ።

"ሽሜ... ምን እያደረግክ ነው?"

"ሰው ይቀመጣል" አለኝ በሹክሹክታ።

ሾፌሩ ወርዶ፣ ዞሮ በሩን በትከሻው ገፍቶ ዘጋው። ሲዘጋ ተቸግሮ ነበር።

"ሞልቷል!" አለ ለራሱ።

ሚኒባሱ የሴቻን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ያን ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ባዶ መኪና እየዘለለ ነው የሚወጣው። ይኼኛው ግን በአንደኛ ማርሽ፣ ጎማው እየተንፏቀቀ፣ ሊቆም ሊቆም እያለ... የእማዬን ፊት ብቻ አሰብኩ።

"ወራጅ አለ!" አልኩ ሰፈራችን ስንደርስ።

ቀድሜ ወረድኩ። ሳልዞር መንገዱን ተሻገርኩ። ሽመክት ይከተለኛል ብዬ ነበር።

አልተከተለኝም።

ዘወር ስል ከሚኒባሱ በር ሥር ቆሟል። ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ዘርግቷል... ሽማግሌ ሲወርድ እንደሚደግፍ ሰው። እጁ በዝግታ ዝቅ ይላል። ይመለሳል። እንደገና ይዘረጋል። ሾፌሩ ሞተሩን እንዳስነሣ በትዕግሥት ይጠብቃል።

ብዙ ቆየ።

በመጨረሻ ሽመክት ወደ ቤታችን ፊቱን መለሰ። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ በየመሐሉ ቆም ይላል፣ ከኋላ የቀረ እንዳይኖር ያያል።

እማዬ በረንዳው ላይ ነበረች። አየችው። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"ልጄ መጣልኝ!"

ልነግራት ወደ እሷ ሮጥኩ... አልደረስኩም።

እማዬ ከደስታዋ ብዛት የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተችው።