ዝም ያለው ልብ አንባቢ

በጨረቃዋ ከተማ በሰማይ ደጅ፣ ልብን ማስነበብ ትኩሳት እንደመለካት ነው። ሰው ቆቡን ያጠልቃል፤ «ልብ አንባቢ» የሚሉት መሣሪያ ውስጡን ፈትሾ ግድግዳው ላይ ይጽፍለታል፦ አዝኗል፣ ፈርቷል፣ ተጠራጥሯል። በዶክተር ስንዱ ክሊኒክ ደግሞ ይኸው ጽሑፍ ፈቃድ ነው። ሲወለዱ የተጻፈላቸው ጾታ የእነሱ ያልሆነ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ፤ ሕክምናው የሚጀመረው መሣሪያው «እውነት ነው» ሲል ነው።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ማንም ቢቀመጥ መሣሪያው «እሰማለሁ» ብሎ ይጽፍና ዝም ይላል።

ዛሬ ዶክተር ስንዱ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ሥራቸውን ለተማሪዎቻቸው ያስረክባሉ። የመሣሪያ ተቆጣጣሪው ኢንጂነር ልዑልሰገድ ግን በጠዋት ደረሰ። እስከ ምሳ የመሣሪያው ትውስታ ተደምስሶ እንደ አዲስ ካልተነሳ ክሊኒኩ ይዘጋል።

ደምሳሹ የጥገና ሠራተኛው አያልሰው ነው። አያልሰው ቂም አይረሳም። ልጅ ሆኖ ከሴቶች ጋር ሲያሰልፉት «ወንድ ነኝ» በማለቱ የገረፉትን መምህር ስም እስከ አያታቸው ያውቃል። ትምህርቱንም ያቋረጠው ያኔ ነው።

«ስንተኛ ክፍል ነህ አንተ?» አለው ልዑልሰገድ።

«ስድስተኛ።»

«እንግዲያ አትመራመርብን። የመደምሰሻ ቁልፏን ተጫን፣ በቃ።»

አያልሰው እልህ ያዘውና ቁልፏን ትቶ የመሣሪያውን ሆድ ከፈተ። ሽቦው ሁሉ ደህና ነው። ጉዱን ያገኘው መዝገቡን ሲያነብ ነው። መሣሪያው አርባ አንዱን ዓመት አስተያይቷል፦ እኔ ምን አልኩ? የተነበበው ሰው ስለራሱ ምን አለ? ዓመታት ሲያልፉስ ማን ልክ ሆነ? በተለያዩበት ሁሉ ልክ የሆነው ሰውየው ነው። ስለዚህ መገመቱን ትቶ፣ እንደ ዶክተሯ፣ መስማት ጀመረ።

የመጀመሪያው መዝገብ የራሱ የአያልሰው ነበር። መሣሪያው «እውነት አይደለም» ብሏል። ከሥሩ በዶክተሯ እጅ፦ «አያልሰው ወንድ ነኝ ብሏል። አምኜዋለሁ።» ቀጥሎ ደግሞ ማኅተም አለ፦ ሐኪሟ ያለ መሣሪያው ፈቃድ በማከማቸው ስድስት ወር ከሥራ ታግደዋል።

ይህን አያውቅም ነበር። ሥራ ያስገቡት እሳቸው መሆናቸውን ያውቃል። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ፊት አቁመው «የዛሬው መምህራችሁ አያልሰው ነው» የሚሉትም እሳቸው ናቸው፤ ያ ቀን ሲመጣ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። እገዳውን ግን አንድ ቀን አንስተውለት አያውቁም።

«አልደመስስም» አለ።

«ትባረራለህ!» አለ ልዑልሰገድ።

«ልባረራ!»

«አያልዬ፣ ለእኔ ብለህ ከእንጀራህ አትፈናቀል» አሉ አጠገባቸው ቆመው የሚያዩት ዶክተር ስንዱ።

«እርስዎ ለእኔ ስድስት ወር ተፈናቅለው የለም እንዴ?»

ዶክተሯ እንደተያዘ ልጅ መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። «ደግሞ ያንን ማን አወጣው?»

«ልብ አንባቢው። ሁላችንን አንብቦ የተማረው እርስዎን ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር። ዘግይቻለሁ።»

«ተረት ተዉ! ብልሽቱን ላሳያችሁ» አለ ልዑልሰገድና ቆቡን አጠለቀ። ግድግዳው «እሰማለሁ» አለ። «አያችሁ? እኔ ደግሞ የምለው የለኝም።»

ዶክተር ስንዱ ተማሪዎቻቸውን «አይዞህ ለማለት አትቸኩሉ» ይላሉ፤ «የእኛ ሰው ገና አፉን ሲከፍት በአይዞህ እንዘጋዋለን።» አሁንም ወለል ወለሉን ያያሉ።

«የለኝም አልኩ እኮ!»

ዝም።

ድምፁ ወረደ። «ልጄ ካናገረችኝ ሁለት ዓመቷ ነው። ሴት ነኝ ስትለኝ መሣሪያው አይደለም ብሎ ነበር። መሣሪያ ይዋሻል ወይ ብዬ... በድሮ ስሟ እየጠራሁ ከቤት አስወጣኋት።»

አያልሰው «የተማርክ አይደለህ እንዴ!» የምትል ነገር ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ለስንት ዓመት ያዘጋጃት ናት። ዋጣት። ቀስ ብሎ ወጣና በሩን ገጠመው።

ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎቹ የስንብት ኬክ ይዘው ቆመዋል።

«ጋሽ አያልሰው፣ ምን ተፈረደብን? እንግባ?»

ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ።

«ቆዩ» አላቸው በሹክሹክታ። «ሰው አለ።»