ስምንቱ ነጭ አበባዎች

የሆስፒታሉ አዲሷ ዳይሬክተር ዶክተር ቬልኮቫ፣ ሠራተኛው የእንኳን ደስ አለዎት አበባ ሊሰጣቸው በተዘጋጀበት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። በየማለዳው ሻያቸው ውስጥ ከሚጨምሩት ማር ጋር የልብ መድኃኒት ተቀላቅሎ ነበር።

መርማሪ ካሊና ስትደርስ ፖሊሶቹ ዋና ነርሷን ሲስተር ኔቬናን በካቴና አስረዋት ነበር። የመድኃኒቱ ቁምሳጥን ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም፤ ሟቿም የማዋለጃ ክፍሏን ሊዘጉባት ነበር።

«እጠላቸው ነበር» አለች ኔቬና። «ግን በገዛ ቁልፌ እገድላለሁ? ምን ዓይነት ጅል ብታደርጉኝ ነው?»

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

«መጠባበቂያው በታሸገ ፖስታ በምክትል ዳይሬክተሩ ካዝና ውስጥ ነው። ደንብ ነው፤ ማንም አይነካውም።»

ምክትሉ ዶክተር ጌንቼቭ የዳይሬክተሩን ወንበር አሥራ አራት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው።

«ምን ዓይነት መዓት ነው የኔ ልጅ!» አሏት ካሊናን። «መርዶውን የሰማሁት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አበባዬን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ነው። ጎህ ሲቀድ ከጓሮዬ በእጄ የቆረጥኩላት!»

«ትግባቡ ነበር?»

«ጎበዝ ነበረች፤ ሁሉም ይላል። ከሶፊያ በመጣች በሳምንቷ እኔ ስገባ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ጠፋ።»

ካሊና ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን አበባዎች ቆጠረች። ከዚያ የምክትሉን ካዝና አስከፈተችና ሁሉንም በሟቿ ቢሮ ሰበሰበች።

«ከሲስተር ኔቬና አምስት፣ ከሐኪሞቹ ሰባት፣ ከዘበኛው አንድ» አለች። «አበባ ለሕያው በጎዶሎ ቁጥር፣ ለሙት በጥንድ ቁጥር እንደሚሰጥ እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። የእርስዎ፣ ዶክተር፣ ስምንት ነው።»

«አንዱ ወድቆ ይሆናላ!»

«እኔም ይሆናል ብዬ ነው ካዝናዎን ያስከፈትኩት። የፖስታው ማኅተም ተቀዶ እንደገና ተለጥፏል። የካዝናው ቁልፍ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማንም ጋ የለም። መድኃኒቱን ለዛሬው ሻይ እንዲደርስ ማሩ ውስጥ የጨመሩት ትናንት ነው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ዳይሬክተሯ በሕይወት ነበሩ፤ በእርስዎ ልብ ውስጥ ግን ሞተዋል። አፍዎ ሲጠነቀቅ እጅዎ ለሬሳ ቆጠረ።»

ጌንቼቭ ባዶውን ወንበር አዩ።

«አሥራ አራት ዓመት» አሉ። «እሷ አንድ ቀን እንኳ አልጠበቀችም።»

ካቴናው ከኔቬና እጅ ወጥቶ በጌንቼቭ እጅ ገባ። ኔቬና ስምንቱን ነጭ አበባዎች ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው። ከራሷ አምስት አንዱን መዘዘችና አራቱን የሟቿ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።