ፀሐይ የዘለለቻት ሃያ ደቂቃ

የ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። የፎገራን ፀሐይ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲለካ የኖረው ንብረት፣ በማለዳ ከፀሐይ መለኪያ ጣቢያው የብረት ማማ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ።

ሳጅን ዙፋን ከወረታ በእግሯ ስትደርስ ንዴቷ አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። የፖሊስ ጣቢያው አንዲት መኪና ነዳጅ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ለሚነሣው ጉዞ ተቆጥቧል። አዛዡ ምርመራው ሳይጀመር ብረት ቀጥቃጩን አዛናውን ወደ ደብረ ታቦር እስር ቤት ሊልከው ቆርጧል። ምክንያቱ? ትናንት ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ደግሞስ ቀጥቃጭ አይደል! አገሬው ዓይኑን ሲፈራው ለኖረ ሰው ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

«አያ አዛናው፣ ከንብረት ጋር ምን አጣላችሁ?»

ማማው ሥር ታስሮ የተቀመጠው ሽማግሌ ካቴና የገባበትን እጁን አነሣ። «የማማውን መሰላል ለምን አልጠገንህም አለኝ። ብረት አምጣልኝ አልሁት፤ ቢሮው አልላከም አለኝ። እሱም እውነቱን፣ እኔም እውነቴን። ከዚያ ይፋግ ገበያ ወርጄ እስኪመሽ ማረሻ ስሸጥ ዋልሁ። ግና ማን ሊያምነኝ፣ እቱ?»

ዙፋን የሟቹን ኪስ ፈተሸች። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የትናንት የስምንት ሰዓት ልኬት በራሱ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ንብረት እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ነበረ ማለት ነው።

ይህንኑ ለአዛዡ ደውላ ነገረችው። «ገበያ አየነው የሚሉት ወዳጆቹ ናቸው» አላት። «ሌላ ተጠርጣሪ ካለሽ እስከ ዐሥር ሰዓት አምጪ።» ስልኩንም ዘጋው።

ጥርሷን ነክሳ በምዕራብ በኩል ያለውን የሚወዛወዝ መሰላል ወጣች። ማማው አናት ላይ ድብልብል መስታወት ተቀምጧል። የፀሐይ ጨረር በመስታወቱ አልፎ ከኋላው ያለውን ሰዓት የተሰመረበትን ሰማያዊ ካርድ በቀጭኑ እያቃጠለ ይሄዳል፤ ደመና ወይም ጥላ ሲመጣ ቃጠሎው ይቋረጣል። ካርዱን ፀሐይ ስትገባ የሚቀይረው ንብረት ነበር። የትናንቱ ሳይቀየር አድሯል። መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ቦታ አልተበጠሰም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይቃጠል ቀርቷል። ዙፋን ካርዱን አውጥታ ማንም ሳያይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በቦታውም እዚያው ከነበሩት አዲስ አስገባች።

ከአዲስ አበባ የመጣችው አጥኚ ትርሲት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ የሚተክሉ ድርጅቶች የሚጠብቁትን ልኬት የምታጠናቅረው እሷ ናት።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ወረታ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ መብራት እስኪመጣ ስጠብቅ! እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት። የፀሐይ ጥናት ይዤ በመብራት እጦት ተገተርኩ። ባለሱቁን ጠይቂው።»

«ንብረት ሰሞኑን የነገረሽ ነገር አለ?»

ትርሲት ድምፅዋን ቀነሰች። «የነሐሴ ካርዶች አሳይቶኛል። የርብ ወንዝ ሞልቶ እሱ ጎርፍ ሸሽቶ ቤቱ ጣራ ላይ በነበረባቸው ቀናት፣ ካርዶቹ ተቃጥለው በስሙ ተፈርመዋል። ‹በስሜ ማን ዋሸ?› እያለ ሲብሰለሰል ነበር።»

የጣቢያው ኃላፊ አቶ የኔነህ ሬሳውን ያገኙት ሰው ናቸው።

«ጠዋት ማማው ላይ ወጥተዋል?»

«ኧረ እኔ አልወጣሁም! እንዳየሁት ወደ እናንተ ነው የሮጥኩት።»

«ትናንትስ?»

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሐሙሲት ነበርኩ። የተመለስኩት አመሻሽ ላይ ነው።»

«ፀሐይዋ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ትንሽ ደመና ሸፈናት።»

ዙፋን ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያም መንገድ ዳር ሩዝ አስጥታ ወደምትጠብቀው ማንጠግቦሽ ሄደች።

«ደመና?» አለች ማንጠግቦሽ እየሳቀች። «ደመና ብናይማ ሩዙን አፍሰን በሮጥን ነበር! ሰማዩ ትናንት እንደ ታጠበ ነው የዋለ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ማማው ሥር ተሰበሰቡ። አዛዡም መኪናውን አስነሥቶ መጣ፤ ሰዓቱን አሥር ጊዜ ያያል።

«አቶ የኔነህ፣ እስቲ ይውጡና መሰላሉ ጫፍ ላይ ይቁሙ» አለች ዙፋን፤ እሷም ተከትላ ወጣች።

ከመስታወቱ ኋላ ከካርዱ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። ኃላፊው ቆሙ። ጥላቸው መስታወቱ ላይ አረፈ፤ ጭሱ ተቋረጠ።

«ንብረት ስምንት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረ» አለች ወደ ታች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያኔ አዛናው ይፋግ ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ፀሐይዋን ጋረዳት። ክፍተቱን ከእኔ በቀር ማንም አላየም፤ ካርዱ ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እርስዎ ግን ሐሙሲት ነበርኩ፣ ማማው ላይም አልወጣሁም ብለው ሰዓቱን ነገሩኝ፤ ያልነበረ ደመናም ፈጠሩለት። የነሐሴን ካርዶችም የፈጠሩት እርስዎ ነዎት። ንብረት ደረሰብዎት።»

የኔነህ የማማውን ብረት ያዙ። ሲናገሩ ግን የተናደደ ሰው እንጂ የፈራ አይመስሉም ነበር።

«ሁለት ክረምት በጎርፍ ጊዜ ወደ ማማው መድረሻ ጀልባ ጠየቅኩ! መልሱ ‹ሪፖርቱን አሟላ› ብቻ ነው። ቀን ከጎደለ ጣቢያው ይዘጋል፣ የፎገራ ሜዳም ፓምፑን ያጣል። የጎደሉትን ካርዶች በበጋ ፀሐይ አቃጥዬ ሞላሁ። ንብረት ልነግርብህ ነው አለኝ፤ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ገፋሁት… መሰላሉ ከዳው።»

«ታዲያ የትናንቱን ካርድ ለምን አላወጡትም?»

ኃላፊው ወደ ካርዱ ዞር አሉ። «ቀኑ ባዶ ይሆናላ።»

ዙፋን ወርዳ የአዛናውን ካቴና ፈታች። አዛዡ ሽማግሌውን ይቅርታ እንኳ አላለም፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ጓ አደረገው። የኔነህ ሊሳፈሩ ሲሉ ወደ ማማው ዞረው አዩ።

«ፀሐይ ስትገባ ካርዱን ማን ይቀይረዋል?»

ትርሲት ፊቷን አዞረች።

አዛናው የእጁን አንጓ እያሸ መሰላሉን ነቅነቅ አደረገው። «ብረቱ ዛሬም አልመጣም፣ እቱ?»